ትንሿ መርፌ

ስለ ትልልቅ ነገር የሚጽፉ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ መርፌ ልጽፍ ተነሥቻለሁ።

አጎቴ በደብረ ታቦር የብረት በር እየሠራ በአየር መርጫ ይቀባል። ባለፈው ክረምት ልረዳው ብዬ የተደፈነውን የመርጫ አፍ በሽቦ ጎረጎርሁት። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ ወደ አንድ ጎን ያደላ ጀመር። ጥፋቴን በነገርሁት ጊዜ ሳይቈጣ ፈታትቶ አሳየኝ። ቀዳዳው ሰፍቷል፤ የመርፌዋም ጫፍ ጎብጧል። ሁለቱ ልክ ለልክ ካልገጠሙ ቀለም ስለሚንጠባጠብ አብረው ይለወጣሉ። ጎሚኒው ሲያልቅ ደግሞ አየር ከቀለሙ ጋር ይቀላቀልና መርጫው ይተፋል።

መለዋወጫውን በገበያ ፈልገን አጣን፤ «ሙሉውን ግዙ» ተባልን። በበር ቍጥር የሚከፈለው ረዳት ሳምንቱን ያለ ሥራ ዋለ። ጥፋቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእርሱ ሆነ።

አዲስ መግዛት ይቀላል የሚሉ አሉ። ገንዘብ ላለው እውነት ነው፤ ለዕለት ሠራተኛ ግን አይደለም።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው እዚሁ አጠገባችን በጋፋት ነው። በዚህ እንኰራለን። ታዲያ የጋፋት ጎረቤቶች በአንዲት ጎሚኒ ምክንያት ሙሉ መሣሪያ መጣላችን አያሳፍርምን?

ስለዚህ ነጋዴዎቻችን ከመሣሪያው ጋር መለዋወጫውን ያምጡ፤ ትምህርት ቤታችንም ፈቶ መግጠምን ያስተምረን። እናንተም ጓደኞቼ፣ የማታውቁትን ቀዳዳ በሽቦ ከመጎርጎራችሁ በፊት ባለሙያውን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ጎርጉሬ የሰው እንጀራ አጓድያለሁ።