ሳይታይ የሚፈረድለት ግድብ

የሰው ልጅ ወራጁን ውሃ በአፈር ገድቦ ማሳውን ማጠጣቱ ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ ጥበብ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በአሜሪካ በመዝገብ ከሰፈሩት ከ90,000 በላይ ግድቦች የሚበዙት በግለሰቦችና በማኅበሮች እጅ መገኘታቸው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው እነዚህን ግድቦች በአደጋ ደረጃ የመመደቡ ልማድ ነው፤ ይኸውም ደረጃው የግድቡን ጤንነት ሳይሆን፣ ቢፈርስ ከበታቹ ምን ያህል ሰውና ንብረት ይጠፋል የሚለውን ግምት ብቻ የሚለካ ሆኖ ሳለ፣ ባለሥልጣኖች የቁጥጥራቸውን ልክ በእርሱ ስለሚወስኑ፣ «ዝቅተኛ» ተብሎ የተጻፈለት ግድብ የመርማሪ ዓይን ሳያርፍበት ዘመናትን ሊያሳልፍ ይችላል።

ይህ ልማድ የሚያስከፍለውን የነፍስ ዋጋ ለማወቅ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ የደረሰውን ማስታወስ ይገባል። በ1890 ገደማ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የተሠራውና ኋላ በግል ይዞታ ሥር የነበረው የካ ሎኮ የአፈር ግድብ፣ «ዝቅተኛ አደጋ» ከተባሉት ጋር ተመድቦ ስለ ነበር፣ የአገረ ግዛቱ መርማሪዎች አንድም ጊዜ አልመረመሩትም። እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2006፣ ለሳምንታት ከዘነበው ብርቱ ዝናብ በኋላ፣ ገና ሳይነጋ ተደርምሶ ከበታቹ ይኖሩ የነበሩ 7 ነፍሳትን ይዞ ሄደ። በኋላ የተደረገው ምርመራ፣ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ በቦታው ባለመኖሩ ውሃው በግድቡ አናት ላይ መፍሰሱን የመፍረሱ ዋና ምክንያት አድርጎ ገመተው። የአፈር ግድብ ጠባዩ ይህ ነው፤ ውሃው አንድ ጊዜ አናቱን ከተሻገረ አፈሩን እየሸረሸረ ለራሱ መንገድ ያሰፋል፣ መንገዱም በሰፋ ቁጥር የሚወርደው ውሃ ይበረታል። ማስተንፈሻ መኖር አለመኖሩን ለማየት ደግሞ ረቂቅ መሣሪያ አያሻም፤ በግድቡ ላይ አንድ ጊዜ ተራምዶ ያለፈ መሐንዲስ ያስተውለዋል። ነገር ግን ደረጃው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ማንም አልሄደም፤ ማንም ስላልሄደም ደረጃው ዝቅተኛ እንደ ሆነ ቀረ።

መሐንዲሶች ጥቂቶች፣ በጀቱም ቀጭን ስለ ሆነ ቅድሚያ ለሚያሰጋው ይሰጥ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቃላቸውም ከንቱ አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1977 በጆርጂያ፣ በቶኮዋ ፎልስ፣ የአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ንብረት የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ በእኩለ ሌሊት ፈርሶ 39 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ በፕሬዚዳንት ካርተር ትእዛዝ ከፍተኛ አደጋ ያላቸው ከ8,800 በላይ ግድቦች ተመርምረው ሲሶ ያህሉ ደኅንነት የጎደላቸው ሆነው ተገኙ። አስጊ መሆናቸው አስቀድሞ ከታወቀው መካከል ይህን ያህሉ ከታመመ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ጤነኞች ናቸው ብሎ መተማመን ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ከዚህም የሚከፋው፣ የግድቡ ደረጃ በአንድ ዘመን ተጽፎ ሲቀር የሸለቆው ኑሮ የማይቆም መሆኑ ነው። ደረጃው ሲጻፍ ከበታቹ የግጦሽ መስክ ብቻ ነበረ፤ መስኩ ተሸንሽኖ ይሸጣል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ልጆች ይወለዱበታል፤ ግድቡ ግን በመዝገቡ ላይ እንደ ድሮው «ዝቅተኛ» ነው። ቤቱን የገዛው አባወራ ከበላዩ የተከማቸ ውሃ መኖሩን የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ የለም፤ ባለግድቡም ሥሩ በግድቡ ውስጥ የሚሰርገውን ዛፍ ሳይነቅል፣ አውሬ የቆፈረውን ጉድጓድ ሳይደፍን ዓመታትን ያሳልፋል፣ የሚጠይቀው የለምና።

ስለዚህ የቤት መሥሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም፣ ፈቃዱን ከመፈረሙ በፊት ከቦታው በላይ ያለው ግድብ ደረጃ እንደገና እንዲመረመር የማዘዝ ግዴታ በሕግ ይጣልበት፤ ውጤቱም ለገዢው በጽሑፍ ይድረሰው። ማንኛውም የግል የአፈር ግድብ፣ ደረጃው ምንም ይሁን ምን፣ ቢያንስ ማስተንፈሻው በመሐንዲስ ይታይ፤ ማስተንፈሻ የሌለው ሆኖ የተገኘ ባለርስትም እስኪያበጀው ድረስ ከክረምት በፊት ውሃውን እንዲያወርድ ይገደድ።