«አለ ወይስ የለም?»

በ1980 ዓ.ም. አንገር ጉቲን አስተማሪ ነበርኩ። ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ በአንገር ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞቃት አገር ናት። በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ ተነሥተው እዚያ ከሠፈሩት መካከል አንዲት እናት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሬው ጠፍቷል። ለአንድ መሥሪያ ቤት አመልክተው ኖሮ መልስ መጥቶላቸዋል።

አነበብኩላቸው። ገጽ ተኩል ነው። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይላል፤ «በሚመለከተው ክፍል በኩል በመጣራት ላይ የሚገኝ መሆኑን እየገለጽን» ይላል፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል፤ በመጨረሻ መፈክር አለው። ስጨርስ እኒያ እናት ዓይኔን እያዩ፣ «ታዲያ ልጄ አለ ወይስ የለም?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አንብቤ፣ «እስካሁን አላወቁም፣ እማማ» አልኳቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው እያጠፉ፣ «ይህንኑ መጻፍ አቅቷቸው ነው?» አሉኝ።

እነሆ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትርፍ ቃል ጋር ተጣልቻለሁ።

መፈክሩ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር ሄደ። ትርፍ ቃሉ ግን ወንበሩን አልለቀቀም፤ ልብስ ብቻ ለወጠ። ዛሬ በአንገር ጉቲን ቢሮዎች የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ የምከሰው የራሴን አማርኛ ነው። «መንገዱን ጠገንን» በማለት ፈንታ «የመንገድ ጥገና ሥራ የመሥራት ተግባር ተከናውኗል» እንላለን። ማን አከናወነው? አይታወቅም። ነገ መንገዱ ቢፈርስስ ማን ይጠየቃል? እሱም አይታወቅም። አንባቢ ሆይ፣ ትርፍ ቃል የሰዋስው ጉድለት ብቻ አይምሰልህ። መደበቂያ ጫካ ነው።

የሚገርመው አማርኛ በተፈጥሮው ቁጥብ መሆኑ ነው። «አልነገርኳቸውም» በሉ። አንድ ቃል ነው። ተናጋሪው እኔ፣ ያልተነገራቸው እነሱ፣ ድርጊቱ መንገር፣ መካዱም ጭምር፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ገብቷል። ይህን የመሰለ ግስ ይዘን «ለእነሱ የመንገር ሥራ በእኔ በኩል አልተሠራም» የምንለው ምን ጎድሎን ነው? አባቶቻችን በጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ሰምና ወርቅ ሲያስማሙ ኖረዋል። እኛ በሁለት ገጽ ሰሙንም ወርቁንም አጣን።

«አጭር ደብዳቤ ንቀት ነው፤ ማርዘም አክብሮት ነው» የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። የአማርኛ አክብሮት ያለው በግሱ ውስጥ ነው። «ይርዱኝ» ስል አክብሬአለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ማጨብጨብ ነው። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚል ሕዝብ አንባቢውን እንዴት ማክበር እንዳለበት ያውቅ ነበር። «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምር ጸሐፊስ? የሚታወቅ ከሆነ ለምን ይነግረናል?

ሁሉ ነገር ይጠር ማለቴ ግን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ እኔ ግን አንድም ቀን በዛብኝ አላልኩም። ልዩነቱን የአንገር ገበሬ ያውቀዋል። በቆሎው ተጠጋግቶ ሲበቅል አረሙን ብቻ ነቅሎ አያቆምም፤ ደህናውን ቡቃያም እየመረጠ ያሳሳዋል። ያን ጊዜ የቀረው ፍሬ ይይዛል። ቢሳሳለት አገዳ ብቻ ያጭዳል። ጸሐፊም እንዲሁ ነው። መጥፎውን ቃል መሰረዝ ማንም ያውቅበታል፤ ጭንቁ ያማረውንና የማያስፈልገውን መንቀል ላይ ነው።

ስለዚህ አለቃም ብትሆን ጸሐፊ፣ ጋዜጠኛም ብትሆን ደራሲ፣ ከመፈረምህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የጻፍከውን፣ ልጅዋ የጠፋባት እናት ፊት ለፊትህ ተቀምጣ እየሰማችህ እንደሆነ ቆጥረህ ጮክ ብለህ አንብበው። «አለ ወይስ የለም?» ብላ ከጠየቀችህ ወረቀቱን ቅደድና እንደገና ጻፍ።