ኔትወርክ የሌለው ወረዳ ሕመም የሌለው ወረዳ አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ብዙ ሰው ይደብቃል። ለእናቱ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለሐኪሙ ያልተናገረውን ግን ሌሊት ስልኩን ከፍቶ ጎግል ላይ ይጽፈዋል። ተመራማሪዎች የፍለጋ መረጃን እየሰበሰቡ የሕዝብን የአእምሮ ጤና መከታተል የጀመሩት ለዚህ ነው። ሥራው ጠቃሚ ነው። ብቻውን መለኪያ ሲደረግ ግን ያሳስታል።

ጥቅሙን አሜሪካ አሳይታለች። በፈረንጆቹ 2017 ኔትፍሊክስ አንዲት ተማሪ ራሷን ስለማጥፋቷ የሚተርከውን «13 ሪዝንስ ዋይ» ለቀቀ። በቀጣዮቹ 19 ቀናት ራስን ማጥፋትን የተመለከቱ ፍለጋዎች ከሚጠበቀው በ19 በመቶ በልጠው ተገኙ። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚደርስ የሆስፒታል መዝገብ የለም።

ግን የፈለገ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ከጨመሩት ፍለጋዎች መካከል የእርዳታ መስመር ስልክ የሚጠይቁም ነበሩ። ተማሪ ለጥናቱ፣ እህት ለወንድሟ ብላ ትፈልጋለች። ጎግል ትሬንድስም የሰው ቁጥር አይሰጥም፤ የሚያሳየው ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ንጽጽር ነው። ኩባንያው ራሱ በ2008 የጀመረው የኢንፍሉዌንዛ መከታተያ በ2012/13 ክረምት የሕሙማኑን መጠን እጥፍ አድርጎ ገምቶ ነበር፤ በ2015 ተዘጋ። ትኩሳትና ሳል ያለው በሽታ እንዲህ ካሳሳተ፣ ሰው ስም ያላወጣለት ጭንቀትማ እንዴት ይሆናል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። አብዛኛው ሕዝብ ኢንተርኔት አይጠቀምም። የሚጠቀመውም «ድባቴ» ብሎ ላይፈልግ ይችላል፤ አንዱ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል፣ ሌላው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው ስልኩን ትቶ ጸበል ይሄዳል። ከሁሉም የሚብሰው ግን የመስመር መቋረጥ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ፣ ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሳ ኢንተርኔት ተቋርጧል። የፍለጋ መረጃ እነዚያን ወራት ጸጥታ አድርጎ ያሳያል። ልጁን የቀበረው፣ ቤቱን ጥሎ የተሰደደው፣ የተደፈረችው ሴት በዚያ ጸጥታ ውስጥ ናቸው።

በቡታጅራ የተሠራው ጥናት ሌላውን መንገድ ያሳያል። ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ጠይቀዋል። አድካሚ ነው፤ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ስልክ የሌላትን እናት የሚቆጥራት ግን እንዲህ ያለ ሥራ ብቻ ነው።

የፍለጋ መረጃ እንደ ደወል ያገልግል። ድንገት ሲያሻቅብ ባለሙያ ይላክ፤ ፈላጊውም በገዛ ቋንቋው የሚደውልበት ቁጥር ያግኝ። በጀትና ሐኪም የሚመደበው ግን ብዙ ከሚፈልገው ከተማ አንጻር ሊሆን አይገባም። መስመሩ ጸጥ ባለበት ወረዳ ደግሞ መጀመሪያ የሚላከው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው፤ በር አንኳኩታ የምትጠይቅ።