የድመትና የአይጥ ካርቱን ለሕፃናት ይበጃልን?

በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ልጅ ላለው ቤት ግን ከባድ ነው። ይኸውም ለሕፃናት ማሳቂያ እየተባሉ የሚቀርቡትን፣ እንስሳት የሚተውኑባቸውን ካርቱኖች እንዴት እንምረጥ የሚለው ነው።

በመርካቶ ከሸማ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ የምትነግድ እናት ጥቂት አይደለችም። ገዢ ሲበዛ፣ ዕቃ ሲራገፍ፣ ሕፃኑም ሲያስቸግር ስልኩ ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ ይተላለፋል። ይህችን እናት ሰነፍ ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። መኪናና ተሸካሚ በሚጋፋበት መንገድ ዳር ልጇ ከዓይኗ እንዳይጠፋ ማድረግ አለባትና። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን ስልክ ይሰጠው አይሰጠው ብቻ ሳይሆን፣ በስልኩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው የሚለውንም ነው።

ለምሳሌ ብዙዎቻችን የምናውቃቸውን ድመቱን ቶምንና አይጡን ጄሪን እንውሰድ። ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. በ1940 የጀመሩት ይህ ሥራ በመጀመሪያ የተዘጋጀው ለሲኒማ ቤት ነበር። ከዋናው ፊልም አስቀድሞ ትልቁንም ትንሹንም የሚያስቅ አጭር ፊልም እንጂ ለሦስት ዓመት ሕፃን ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ሁለቱ ባለሙያዎች እስከ 1958 ድረስ 114 ያህል አጫጭር ፊልሞችን ሠርተዋል፤ ሰባቱም የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል። ሙዚቃውም ሥዕሉም የሚደነቅ ነው። ንግግሩ ጥቂት በመሆኑም የየትኛውም አገር ልጅ ይስቅበታል።

ይሁን እንጂ ለአዋቂ የሚያስቀው ሁሉ ለሕፃን አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪታንያ አንድ ተመልካች ቶም ሲጋራ የሚያጨስባቸው ትዕይንቶች ለልጆች አይገቡም ብሎ አቤቱታ በማቅረቡ፣ የፊልሞቹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ እንዲህ ያሉትን ትዕይንቶች ለማስተካከል ተስማምቷል። ከሲጋራው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ድብደባው ነው። ድመቱ በመጥበሻ ይመታል፣ በኤሌክትሪክ ይንቀጠቀጣል፣ ከፎቅ ይወድቃል፤ ወዲያውም ደህና ሆኖ ይነሣል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ይህ ጨዋታ መሆኑን ይረዳል። የሦስት ዓመቱ ሕፃን ግን እውነቱንና ጨዋታውን ገና በቅጡ አልለየም።

ይህ የእናቶች ስጋት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አልበርት ባንዱራ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት 96 ሕፃናትን በቡድን ከፍለው ነበር። አንዳንዶቹ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ በአካል፣ አንዳንዶቹ በፊልም፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ድመት የለበሰች ተዋናይ በካርቱን መልክ ስትደበድብ አዩ። ድብደባ ያዩት ሕፃናት ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ ያሳዩት የመማታት ጠባይ ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። እርግጥ የተመታው አሻንጉሊት ነው፤ የተፈተኑትም ወዲያው እንዳዩ ነው። ቢሆንም ሕፃን ከካርቱን ድመትም ቢሆን እንደሚማር ያስረዳል።

ታዲያ አንድን ካርቱን በምን እንመዝነው?

አንደኛ፣ ልጁ ያየውን በቤት ውስጥ ሊሞክረው ይችላልን? የሚበር ዝሆን አያሰጋም። ጣቱን በኤሌክትሪክ ሶኬት የሚከት ድመት ግን፣ ምጣዱና የከሰል ምድጃው በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚገኙበት ቤት አደገኛ አስተማሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳቁ በማን ላይ ነው? ደካማው በብልሃቱ ሲያመልጥ መሳቅ አንድ ነገር ነው፤ የወደቀ ሲረገጥ መሳቅ ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍጥነቱ እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ60 የአራት ዓመት ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፈጣን ካርቱን ለ9 ደቂቃ ብቻ የተመለከቱት ሥዕል ሲሥሉ ከቆዩት ልጆች ይልቅ ወዲያው በተሰጣቸው የማስተዋልና ራስን የመግዛት ፈተና ደክመው ተገኝተዋል።

አራተኛ፣ ካየ በኋላ ልጁ ምን ይሆናል? ታናሹን የሚመታ ወይም ሌሊት የሚባንን ከሆነ መልሱን ራሱ ሰጥቷል።

አንዳንዶች፣ በእኛም ተረት ጅብ አህያን ይበላ የለምን፣ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እያልን አላደግንምን ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የእንስሳት ቀልድ ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ በተራኪው ላይ ነው። አያት ተረት ተረት ስትል የልጁን ፊት ታያለች፤ ሲፈራ ድምጿን ትቀንሳለች፤ ሲጠይቅ ትመልሳለች። ስልክ ይህን አያደርግም። አባባ ተስፋዬ ለአርባ ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ የተወደዱት ልጆቹን ፊት ለፊት እንደሚያዩ ሆነው ስላነጋገሯቸው ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ያቋቋሙት ድርጅት ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም የስድስት ዓመቷን ቀጭኔ በአማርኛ እያናገረ ልጆችን ያዝናናል፣ ያስተምራል። ሳይደባደቡም ማሳቅ እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ባያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመክራል። ቀኑን ሙሉ ለምትሠራ እናት ይህ ቀላል አለመሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ የሚቻለውን እንጠቁም። በፍላሽ ወይም በሚሞሪ የልጆች ካርቱን ሲያስጭኑ ጥቅሉን በጅምላ አይቀበሉ፤ ታክሲ ውስጥ ሆነው ጥቂቱን አስቀድመው ይዩና የማይሆነውን ያጥፉ። ዩቲዩብ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ ስለሚያስከትል ይህን እንዳያደርግ ያዘጋጁት። ድምፁን ከፍ አድርገው ይተዉት፤ ጆሮዎ ዓይንዎን ይተካል። ማታ ደግሞ «ዛሬ ድመቱ ምን ሆነ? እኛ ብንሆን ያመን ነበርን?» ብለው ይጠይቁ። ባዶ ካርቶንና ቆርኪም በመርካቶ ሞልቷልና ስልኩን የሚያስረሳ ጨዋታ ከእነርሱ ይወጣል።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ቶምና ጄሪ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ብቻውን የሚሰጥ አይደለም። ከፍ ላለው ልጅ ግን ተመርጦ፣ ከታላቅ ጋር ሆኖ ቢያየው ይስቅበታል እንጂ አይጎዳውም። ሳቅ ለልጅ ምግቡ ነው፤ ምግቡን ቀምሰን እንደምናጎርሰው ሁሉ ሳቁንም አስቀድመን እንቅመስለት።