ሁለተኛው የሙቀት ሕግ ዝግመተ ለውጥን ይከለክላል ወይ?

ሰሞኑን በእኛ በሠልጣኞች መካከል አንድ ክርክር ተነሥቶ፣ በመኝታ ቤት ተጀምሮ መመገቢያ አዳራሽ ደርሷል። ክርክሩም ይኸውላችሁ፦ «ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ነገር ሁሉ ከሥርዓት ወደ ዝርክርክነት ይሄዳል ይላል። ዝግመተ ለውጥ ደግሞ ከቀላል ሕዋስ ውስብስብ ፍጡር ተገኘ ይላል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።» ሲሰሙት ያሳምናል። እኛ ግን ጠቡ የመጣው ሕጉ በግማሹ ስለተነገረ ነው እንላለን።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሩዶልፍ ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1865 «ኤንትሮፒ» የሚለውን ስም አወጣ። ኤንትሮፒ ማለት፣ በቀላሉ ለማስረዳት፣ ኃይል ምን ያህል እንደተበተነ የሚያመለክት መጠን ነው። ሕጉም ከአካባቢው ጨርሶ በተነጠለ ሲስተም ውስጥ ጠቅላላው ኤንትሮፒ አይቀንስም ይላል። «የተነጠለ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ! ክርክሩ የተበላሸው እሷን በመዝለል ነው።

መሬት የተነጠለች አይደለችም። ከፀሐይ ብርሃን ትቀበላለች፤ የተቀበለችውን ያህል ኃይል ደግሞ በሙቀት ጨረር መልሳ ወደ ጠፈር ትለቃለች። የፀሐይ ገጽ 5500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል፤ መሬት ከእሱ ጋር ስትነጻጸር በጣም ቀዝቃዛ ናት። በዚህ ምክንያት ለምትቀበለው ለአንድ የብርሃን ፎቶን ሃያ ያህል ደካማ ፎቶኖች ትመልሳለች። ኃይሉ ያው ነው፤ መበታተኑ ግን በዛ። ሕይወት ያላቸው ነገሮች እዚህ የሚሠሩት ሥርዓት ዕዳው በዚህ መንገድ ይከፈላል።

ምሳሌ ከሩቅ አንፈልግም። በአፋር፣ አፍዴራ ላይ የጨው ውኃ በፀሐይ ሲተን ጨው ራሱ ተደርድሮ ክሪስታል ይሆናል። አንድ በአንድ የደረደረው ሰው የለም። ውኃው ተንኖ ስለተበተነ ግን በጠቅላላው ኤንትሮፒ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ማቀዝቀዣም ውኃን በረዶ ሲያደርግ ከጀርባው ይሞቃል። ከዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ጫጩት ሲፈለፈል ሕጉ ተጣሰ ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። በ21 ቀን ያልተጣሰ ሕግ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተጣሰ የሚባለው ታዲያ በምን ሒሳብ ነው?

«ፀሐይማ የልብስ ቀለም ታስለቅቃለች፣ እንጨት ትሰነጥቃለች እንጂ ምን ትሠራለች?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብርሃን ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠቀምበት ያስፈልጋል። የጤፍ ቅጠል ክሎሮፊል ስላለው በብርሃን ኃይል ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን ይሠራል። ለዝግመተ ለውጥ ደግሞ መባዛት፣ በውርስ የሚተላለፍ ልዩነትና ተፈጥሯዊ ምርጫ ያስፈልጋሉ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ የምርጫ ሐሳብ ነው።

በሌላው ወገን ሆነው የሚስቁትንም አንተዋቸውም። ሕጉ አይከለክልም ማለት እኮ ሕጉ ያረጋግጣል ማለት አይደለም። ድንቅነሽ መኖሯን የነገረን የኤንትሮፒ ሒሳብ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው አፅም ነው። የዝግመተ ለውጥ ማስረጃ ከቅሪተ አካልና ከዲ ኤን ኤ ንጽጽር ይመጣል። የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት ተጀመረ የሚለው ደግሞ ገና በምርምር ላይ ያለ ሌላ ጥያቄ ነው። ፊዚክስ ድንበሩን ያሰምራል፤ በድንበሩ ውስጥ የሆነውን የሚያጠናው ባዮሎጂ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ነገ ብዙዎቻችን የምንመደበው ገጠር ነው። እዚያ ልጁ የመምህሩን ቃል የሚያመሳክርበት ቤተ መጻሕፍት ላያገኝ ይችላል። ግማሽ ሕግ ብንነግረው ግማሹን ይዞ ያድጋል፤ በተራውም መምህር ሆኖ ግማሹን ያስተምራል። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ እንዳይሆንብን! እምነት ያለው ሰው እምነቱን በእምነትነቱ ይያዝ፤ ማንም ሊነካበት አይገባም። የፊዚክስን ሕግ ግን ያላለውን ብሏል አንበል።

ተማሪ ይህን ሲጠይቀን አንሳቅበት፣ አንቆጣውም። ሕጉን ሙሉውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንጻፍለትና «የተነጠለ» ከምትለዋ ቃል ሥር እናስምርባት።