ሥጋ ከሥጋ የሚተዋወቅበት ማኅተም

በዚህ ዓምድ ስለ ቤተ ሰብ ጤና ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከማዕድ ወይም ከንጽሕና ነው። ዛሬ ግን ለዓይን ከማይታይ ነገር ልንጀምር ነው፤ መነሻችንም የፎገራ ሜዳ ነው።

ወረታን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ክረምት በገባ ጊዜ ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። ይህም ውሃ ለሩዙና ለከብቱ በረከት ነው። መሸሽ በጀመረ ጊዜ ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ንዳድ ይነሣል። በ1950 ዓ. ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ. ም. ታኅሣሥ የቆየው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል።

ከቤተ ዘመዳችን አንዲት ልጅ ወደዚያ አገር ተድራ ሳለች በመጀመሪያ እርግዝናዋ በኅዳር ወር ታመመች። እኛም ከሽማግሌዎቹ ጋራ ሆነን «የአጨዳ ድካም ነው፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ትታጠብ» ስንል ሁለት ሳምንት አሳለፍን። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ብትደርስ ወባ ሆኖ ተገኘ። እርስዋ ዳነች፤ ልጁ ግን እጅግ ቀጭን ሆኖ ተወለደ። ጥፋቱ የእኛ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከምን እንደ መጣ ከዚያ ወዲህ ስንመረምር ቆይተናል።

የሰው ሥጋ ቍጥር በሌላቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው። ግንበኛ ድንጋዩን በጭቃ ያያይዘዋል፤ ጭቃው ግን የትኛው ድንጋይ የየትኛው ወገን እንደ ሆነ አይለይም። ሕዋስ ግን ይለያል። በ1907 ዓ. ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዊልሰን የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ስፖንጅ የተባለውን የባሕር እንስሳ በስስ ጨርቅ አጥልሎ ሕዋሳቱን በታተናቸው፤ እነርሱም መልሰው ተሰብስበው አዲስ ስፖንጅ ሆኑ። ይህን የሚያደርጉት ፕሮቲን በሚባሉት የሥጋ መሠረቶች ነው። ከሕዋሱ ቆዳ ወደ ውጭ ወጥተው እንደ ማኅተም ይቆማሉ፤ ማኅተሙ የገጠመለት ይያያዛል፥ ያልገጠመለት ያልፋል። በጃፓን አገር የኪዮቶው ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት (ይህም እንደ ፈረንጆች) ካድሄሪን የተባሉትን ለይቶ አወቀ፤ እነዚህም በወተትና በአጥንት የሚገኘው ካልሲየም ካልረዳቸው አይጨብጡም። እሾህ በወጋን ጊዜም የደም ሥር ግድግዳ ሰሌክቲን የሚባለውን ፕሮቲን ያወጣል፤ በዚያ የሚያልፈው ነጭ የደም ሕዋስ በእርሱ እየተያዘ ይንከባለላል፥ ቆሞም ከደም ሥሩ ወጥቶ ወደ ቍስሉ ይገባል።

ማኅተም ባለበት ሁሉ ግን ሐሰተኛ ማኅተም አይታጣም፤ እኛ በችሎት ወረቀት መካከል የምንውል ሰዎች ይህን ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ የራሱን ፕሮቲን ሠርቶ በሕዋሱ ቆዳ ላይ እንደ ጉብታ ያወጣዋል፤ በዚህም የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። የሚጣበቅበትም ምክንያት አለው፤ ከደም ጋራ ቢዞር ጣፊያ ይዛ ታስቀረዋለች። በአንጎል ሥሮች ውስጥ የተጣበቀ እንደ ሆነ በሽተኛው ራሱን ይስታል። የሚያስደንቀው ደግሞ ለዚሁ ፕሮቲን 60 ያህል ልዩ ልዩ መልክ ያለው መሆኑ ነው። ሰውነታችን አንዱን ባወቀበት ጊዜ ሌላውን ያወጣል፤ በየቀጠሮው ስሙን እንደሚለውጥ ተከሳሽ።

ወደ ልጅቱ ነገር እንመለስ። ሴት ባረገዘች ጊዜ በማኅፀንዋ የእንግዴ ልጅ ይበቅላል። በእርሱም ላይ ኮንድሮይቲን ሰልፌት የሚባል፥ ከስኳር ወገን የሆነ ነገር አለ። ከተውሳኩ መልኮች አንዱ ከዚህ ጋራ ብቻ ይገጥማል። ስለዚህ ከልጅነትዋ ጀምራ ወባን ለምዳ የኖረች ሴት እንኳ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ይህን መልክ አይታው ስለማታውቅ እንደ እንግዳ ያጠቃታል፤ በኋለኞቹ እርግዝናዎች ሰውነትዋ ያውቀዋል። ሆኖም እንደ ፎገራ ወባው በወቅት በሚመጣበት አገር ሰው የሚለምደው በጥቂቱ ስለ ሆነ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እርግዝና ከአደጋ አይድንም። ተውሳኩ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ ከጣት በተወሰደ ደም ውስጥ ጥቂት ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ለጽንሱ የሚደርሰው ምግብ ግን ይቀንሳል። የእኛ ሕፃን የቀጠነው በዚህ ይመስለናል።

በአገራችን ቫይቫክስ የሚባለው ሁለተኛው የወባ ዓይነትም ብዙ ነው። እርሱ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው ዳፊ የሚባለውን ፕሮቲን እንደ በር አድርጎ ነው፤ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ አብዛኛው ይህ በር ስለሌለው ብዙ አያገኘውም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በማዳጋስካርና በኢትዮጵያ በሩ በሌላቸው ሰዎችም ላይ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ማንም በዚህ አይመካ።

በእንግዴ ልጅ ላይ የሚጣበቀውን ፕሮቲን ለመከላከል የተሠራ ክትባት በቤኒንና በቡርኪና ፋሶ በጥቂት ሴቶች ላይ ተሞክሯል፤ ለሕዝብ ግን ገና አልደረሰም። እስከዚያ ድረስ በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ያለች እንደ ሆነ በአጎበር ውስጥ ትተኛ፤ ሰውነትዋ በጋለ በዚያው ቀን ደምዋ ይመርመር። ልጅቱ አሁን ሁለተኛዋን አርግዛለች። አጎበሩን ራሳችን ወረታ ድረስ ወስደን ሰቅለንላታል፤ የበኵር ልጅዋም ከሥር እየገባ ጫፉን እየጐተተ አስቸግሯታል።