ክፍል 9 ያለው አለ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ «ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» ይባባላል። የተጠየቀውም ካነበባቸው ሁሉ ከበድ ያለውን መርጦ ይጠራል። እኔ በምኖርባት በአሽ-ሹቀይቅ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚጠየቀው «ስንተኛው ክፍል ላይ ደረስሽ?» ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ክፍል 9 ያለው አለ?»

መጽሐፍ እዚህ የሚደርሰው በትረካ ነዋ! አንድ ልብ ወለድ ሃያ ሠላሳ ቦታ ተቆራርጦ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። መሐል ላይ አንዱ ክፍል ይጠፋል፤ የጠፋውን ፍለጋ ከሳምጣ እስከ ጅዳ ሰው ይጠያየቃል። አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ በየዓመቱ «የንባብ ባህላችን ሞተ» ብለው ሙሾ ሲያወርዱ ይህን ሕዝብ ከቁጥር አስገብተውት አያውቁም። እነሱ የሚቆጥሩት የተሸጠ ቅጂ ነው። እነዚህ ደግሞ አንድም ቅጂ አልገዙም፤ ከየት ይግዙ?

አሽ-ሹቀይቅ ከጅዛን ከተማ በስተሰሜን በቀይ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሳዑዲዎች ለባሕር ዳሯና ለዓሣዋ ይመጡባታል፤ ስሟን ያስጠራው ግን የባሕር ውኃ ማጣሪያዋ ነው። ሦስተኛው ማጣሪያ ብቻውን በቀን 450,000 ሜትር ኩብ የሚጠጣ ውኃ ያወጣል፤ ከዚህ የሚነሣው ውኃ አብሃ ተራሮች ድረስ ይወጣል። የእኛ ሰዎች ሰው ቤት ይሠራሉ፣ ፍየልና በግ ይጠብቃሉ፣ መኪና ያጥባሉ፣ ግንባታ ላይ ይውላሉ። እኔ በአንድ የመለዋወጫ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። የወሎና የራያ ልጅ ይበዛል፤ ከጅማና ከሐረርጌ የመጣም አለ። ትረካውን በአማርኛ ሰምቶ ክርክሩን በኦሮምኛ የሚቀጥል ብዙ ነው።

ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ መጽሐፍ ቦታ የለውም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው ተመዝኖ ኪሎ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚወጣው መጽሐፉ ነው። (እኔም ብሆን በርበሬውን አላወጣም።) በወረቀት እንደ ልብ የሚገኝ የአማርኛ መጽሐፍ የማውቀው አንድ ነው፤ የቅዱስ ቁርኣን ትርጉም። ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት፣ በንጉሡ ዘመን በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታተመው ትርጉም ዛሬ መዲና ባለው የንጉሥ ፋህድ ማተሚያ ይታተማል። አሠሪዎች ሳይቀሩ ለሠራተኞቻቸው በስጦታ የሚሰጡት እሱን ነው።

በዚህ ጉዳይ ያሳፈረችኝ አንዲት የደሴ ዙሪያ ልጅ ናት። ስለ አንድ ልብ ወለድ ስታወራኝ «አንቺ እኮ ሰማሽው እንጂ አላነበብሽውም» አልኳት፤ የተማረ ሰው ወግ መሆኑ ነው። «ጃዕፈር ሱረቱ መርየምን ሲቀራለት ነጃሺ አነበበ ወይስ ሰማ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ክርክር ትቼዋለሁ። ሰምቶም ያለቀሰ ንጉሥ ነበረን፤ ያውም ከዚሁ ባሕር ማዶ።

ሰሞኑን በመንደራችን ሁሉም ጆሮ ላይ ያለው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አዲስ ነገር የለውም ትሉ ይሆናል፤ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሟል፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮት ስንቱን ከሥራው አስቀርቷል። አሁን የሚዞረውም ያው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተራኪ ተነሥቷል፤ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚተላለፈው «ሸገር ሼልፍ»ም እዚህ የራሱ አድማጭ አለው። ነገር ግን የዛሬዎቹ አንዳንድ ተራኪዎች፣ በተለይ በየስልኩ የሚላኩት፣ ሙዚቃ ከሥር እያስጮሁ ገጸ ባሕርዩ ሳያለቅስ እነሱ ያለቅሳሉ። ወጋየሁ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ሰጥቶ ራሱ ገለል ይላል። ሳህን እያጠበች የምትሰማ ሴት ማን እንደተናገረ የምታውቀው በዚያ ነው።

የጠፋው ክፍል 9 የዚህ ትረካ ነበር። ያጣችው ልጅ ጅዛን ከተማ ያለች ጓደኛዋን በኢሞ ደውላ «ምን ሆነ? ንገሪኝ» አለቻት። ጓደኛዋ አንድ ሌሊት ሙሉ አወራቻት። በኋላ ክፍሉ ተገኝቶ ሲሰማ ልጅቱ ቅር አላት፤ «የእሷ ይሻላል» ብላ አረፈችው። ምኑ እንደተሻለ ጠየቅኋት። ተራኪዋ ጓደኛዋ መንገድ ሲመጣ ቶሎ አታልፈውም። ስንቁ የት ላይ እንዳለቀ፣ ማታ የት እንደታደረ፣ እግር የት ላይ እንደቆሰለ ሁሉ አለ። ተራኪዋ ራሷ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግራ የመንን በእግሯ አቋርጣ የመጣች ናት። ከሐዲስ ዓለማየሁ የሰማችውን በራሷ መንገድ ላይ አስኪዳዋለች። መጽሐፍ ተበላሸ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ይህን ያህል ርቀት ገብቶ ያነበበ ሃያሲ በየመጽሔቱ ፈልጌ አላገኘሁም።

ስለ ሰብለ ወንጌል የሚሰጠው አስተያየትም እንደዚሁ ነው። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ሰብለ የፍቅር ምሳሌ መሆኗን ነው። እዚህ ያሉ ሴቶች ስለ ፍቅሯ ብዙ አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ መውጣቷ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ ከቤት ወጥታ የማታውቅ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ሌሊት ወጥታ ፍቅረኛዋን በዛብህን ፍለጋ በእግሯ ሄደች። «ማን አሳያት መንገዱን? ገንዘብ የት ደበቀች? ሴት መሆኗን ቢያውቁባትስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። እነዚህ ከአፍ የመጡ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ጠያቂዎቹ መልሱን በራሳቸው ላይ ያዩት ናቸው። በዛብህን ዓባይ በረሃ ላይ ሽፍቶች ሲያቆስሉትም ለቅሶ አልሰማሁም። አንዷ ብቻ «ይዞ የነበረውን ሳይጠይቁ ነው እንዴ የመቱት?» አለች፤ እሷ የምታውቃቸው ሽፍቶች መጀመሪያ የዘመድ ስልክ ቁጥር ነው የሚጠይቁት።

ከሁሉ ያከራከረን የስለቱ ነገር ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ብለው ሳያገባ ዕድሜ ልኩን እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። አንዲት የራያ ልጅ፣ እዚህ የመጣችው ቤተሰቧ በወለድ የተበደረውን ለመክፈል ነው፣ «የሞቱ ምክንያት ፊታውራሪ መሸሻም ሽፍቶቹም አይደሉም፤ ያ ስለት ነው» አለች። እኔ ተቃወምኳት። ሰዎቹ በልጃቸው ላይ ክፉ አላሰቡም፣ እንዳይሞትባቸው ፈርተው፣ ስለወደዱት ነው አልኳት። «እኔንም እናቴ ስለምትወደኝ ነው የላከችኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ያን ምዕራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ አንብቤ ቦጋለንና ውድነሽን እንደ ምስኪን ባላገሮች ብቻ ነበር የማያቸው። አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁላትም፤ ሐዲስ ለወላጆቹ ያለው ርኅራኄ ከእሷ ይሰፋል። ግን አነበበች፤ አጥብቃ አነበበች።

ከከተማው ወጣ ብሎ ፍየል የሚጠብቅ አንድ ልጅ ደግሞ ሰብለንም በዛብህንም ገፍቶ መጽሐፉን ለአበጀ በለው ሰጥቶታል። አበጀ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች የማይገባ ግብር ሲጠየቁ እምቢ ያሰኛቸው ሰው ነው። ልጁ ደመወዙን ካገኘ ወራት አልፈውታል፤ ከፊሉ (አሠሪው) «ነገ» ይለዋል። ያንን ክፍል እየደጋገመ ይሰማዋል። ሥርዓቱን የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳን ግን አይወደውም። «እሱ ቢናገር ማን ይነካዋል? የቤቱ ዘመድ አይደል!» ይላል። እኔ ጉዱ ካሳን እንደ ነቢይ እያየሁ ያደግሁ ነኝና ይህ አስተያየት እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ደራሲው ራሱ የመንገድና የእስር ሰው መሆኑን ስነግራቸው ግን ሁሉም ጆሮ ሰጡኝ። ሐዲስ በጠላት ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ተማርኮ ኢጣሊያ ተወስዶ ለዓመታት ታስሯል። «እኔም ብዬ ነበር!» አለች የደሴዋ።

ስለ ስደት የተጻፈ መጽሐፍ ግን አታምጣብን ይላሉ። ተገቢ መስሎኝ ስለ በረሃና ስለ ደላላ የተጻፈ ነገር ላቀርብላቸው ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ክፍል ሳይሞላ ተውት። አይፈረድባቸውም። ከዚህ ወደ ደቡብ፣ በአል-ዳየርና በአል-አርዳ በኩል ያለው ተራራ የየመን ድንበር ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በዚያ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሎ ነበር፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለሽ ብሎ አስተባብሏል። እዚህ ያለ ሰው ያንን ዘገባ ማንበብ አያስፈልገውም። ጎጃምን፣ ዲማን፣ የቆሎ ተማሪን፣ የሠርግ ቤትን መስማት ነው የሚፈልገው። አገር ቤት ያለው አሳታሚ «ለስደተኛ የስደት መጽሐፍ» ብሎ ካሰበ ገበያውን ስቶታል።

ወንዶቹ ዘንድ ደግሞ «ኦሮማይ» አለ፤ እሱ ያውም በወረቀት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ቅጂ። ባለቤቱ በአንድ ወርክሾፕ ጥበቃ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። ከኛ ወደብ ፊት ለፊት፣ ባሕሩን ተሻግሮ ትንሽ ወደ ደቡብ ሲሉ ምጽዋ ነው። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ ፈረንጆቹ ሲያወሩለት ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙ አልገረማቸውም።

የእሳቸው ነቀፌታ ሌላ ነው። «በዓሉ ጦርነቱን ከአለቆች ጋር ሆኖ ነው ያየው» ይላሉ። ባለታሪኩ ጸጋዬ መጨረሻ ላይ ናቅፋ ግንባር ድረስ ይሄዳል እኮ ብዬ ተከራከርኳቸው። «ሄደ፤ ግን እንደሚመለስ ሰው ነው የሄደው» አሉኝ። ስለ ጸጋዬ ፍቅረኛ ስለ ፊያሜታ አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም፤ ወጣቶቹ ግን ከእሷ ሌላ የሚያወሩት የላቸውም። እኔ በዓሉ ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ጸጋዬን የፕሮፓጋንዳ ሰው ያደረገው ለዚህ ነው፣ የሚያየውንም የማያየውንም እንድናይለት። ጋሼ አልተቀበሉኝም። ቅጂውን ግን ለማንም አያውሱም።

አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደራስያኑ ይታዘቡኛል። በየስልኩ የሚዞረው ትረካ አብዛኛው ያለ ፈቃድ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ሥራውን የማባዛትና የማሰራጨት መብት ሰጥቶታል፤ ድምፅ ሆኖ መቀዳቱም ከዚያ አያመልጥም። እንደ «ተራኪ» ያሉ በክፍያ የሚያስደምጡ መተግበሪያዎች መምጣታቸው ደግ ነው። ነገሩን ለሴቶቹ ሳነሣባቸው የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አንዷ «ለማናውቀው ሰው ለቅሶና ሠርግ በየወሩ በሐዋላ ስንልክ የለም እንዴ? ለሚያስቀን ሰው መላክ ያቅተናል? በምን እንደሚከፈል አሳዩን» አለችኝ። እኔም ሳስበው ጥፋቱ ወደ ሰሚው ብቻ የሚገፋ አይደለም። አሳታሚው በሪያል የሚከፈልበትን መንገድ አላበጀም፤ ይህች ሴት ገዥ መሆኗንም አያውቅም።

አዲስ አበባ ወመዘክር አዳራሽ ውስጥ ሚዩዚክ ሜይዴይ የሚያዘጋጀው የመጽሐፍ ውይይት አለ። በጎ ሥራ ነው፤ ለዓመታት ሳይታክቱ ይዘውታል። መድረኩ ላይ የሚቀመጠው ግን ያው መምህር፣ ያው ገጣሚ፣ ያው ጋዜጠኛ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ፍቅር እስከ መቃብር ሲነሣ አንድ ስልክ ድምፅ ማጉያው ላይ ቢደረግና የራያዋ ልጅ ስለ ስለቱ ያለችውን ብትልላቸው ደስ ይለኛል። አርብ ከሰዓት ብቻ ነው የሚመቻት፤ ያኔ ማዳሟ ዘመድ ጥየቃ ትሄዳለች።

ሰሞኑን ደግሞ አዳም ረታን ጀምረናል። «ግራጫ ቃጭሎች»ን አንድ ሰው አምጥቶ መንደሩን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ ሦስተኛው ክፍል ላይ አቁሟል። የደሴዋ ልጅ አላቆመችም፤ ግን ተናዳለች፦ «ይሄ ሰውዬ ሳህን እያጠብኩ አያስሰማኝም፤ እጄን አድርቄ ካልተቀመጥኩ ይጠፋብኛል። በጆሮ የሚሆን አይደለም፣ ወረቀቱን አስመጡልኝ» ትላለች። ነጃሺን አንሥቼ ልመልስባት አሰብኩና ተውኩት። ጥቅምት ላይ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው አለ፤ አንድ ኪሎ እንዲያስቀርልን ነግረነዋል።